በፖስታ የመጣ እግር

የካ አባዶ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ ለበርናባስ አካሉ፤

ይህች ወረቀት በደህና ታግኝህ። የካ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፤ የምትውልበትን ሥራ፣ የምታድርበትን ቤት ይባርክልህ። እኔ አክስትህ በለጡ በቸርነቱ ደህና ነኝ። ስኳሬም በእንክብሉ ልኩን ይዞ ተቀምጧል፤ ስለሱ አትጠይቀኝ።

ስትደውል ቶሎ የምዘጋብህ ተቀይሜህ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ተቀምጬ የሰው ደብዳቤ ስለይ የኖርሁ ሴት ነኝ። በስልክ ሰው «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ነገር ሲወጣው አላየሁም። ወረቀት ግን ቁጭ አድርጎ ያናዝዛል። ስለዚህ ጻፍልኝ፤ እጅህ አይሰበርም።

ከየካ ሚካኤል ከለቀቅሁ ይኸው ስድስት ወር ሞላኝ። የደረሰኝ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። ሰባ ሁለት ደረጃ አለው፤ ቆጥሬዋለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልሁ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ግን ሁለት ታክሲ ይዤም ቢሆን ሚካኤልን ሳልሳለም አልቀርም። ከታች አንደኛ ፎቅ ጋዲሴ የምትባል ጎረቤት አግኝቻለሁ። አባቷ ድሮ ይህ ፎቅ የቆመበት መሬት ላይ ስንዴ ያርስ ነበር፤ እሷ ደግሞ አባቷ ባረሰው ላይ ሱቅ ከፍታ ፓስታ ትሸጣለች። ልጅ ናት፣ ግን ከእህት በላይ ሆናልኛለች። ሰው ወደዚህ ሲመጣ የእሷን ስልክ ስጠው፤ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ።

የሰንበቴው ሴቶች «ዶክተሩስ?» እያሉ ይጠይቁኛል። «ደህና ነው፤ የፈረንጅ በሽተኛ ፋታ ነስቶት ነው እንጂ መምጣቱ አይቀርም» እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስል ለራሴም ሰለቸኝ። እየጨቀጨቅሁህ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጫማ ላክልኝ። ጥቁር፣ ድፍን፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ብዙ ሳልጎነበስ የማወልቀው። እዚህ የሚሸጠው ከላይ ያምራል፣ ከውስጥ ይነክሳል። የእነሱና የኛ ቁጥር ስለማይገጥም እግሬን ወረቀት ላይ አስምሬ ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ። ቀኙ ነው። ግራውም ያው ነው።

እግዚአብሔር በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

አክስትህ በለጡ


ሃኖፈር
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣ ለእትዬ በለጡ፤

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኔ ከብርዱ በቀር የጎደለብኝ የለም። ምርቃትዎ ከነሙቀቱ ደርሶኛል፤ አሜን ብያለሁ።

ፖስታውን ስከፍት እግር ወጣ። ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያም ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ብዙ አየሁት። ጫማውን በማግስቱ ገዝቻለሁ። ሀሴት የምትባል የአያት ሰፈር ልጅ ለገና ወደዚያ ስለምትሄድ በእሷ እልካለሁ። በውስጥ በኩል ስፌት የለውም፤ ጣት የሚያርፍበትም ሰፋ ያለ ነው።

ጥቂት ነገር ልጨምር፣ አይቆጡኝ። ጫማውን ከማጥለቅዎ በፊት ሁልጊዜ ገልብጠው ያራግፉት። ስኳር ያለበት ሰው ጠጠር ቀኑን ሙሉ ሲረግጥ ቢውል ላይሰማው ይችላል። እግርዎን የሚታጠቡበትን ውሃ በእግርዎ ሳይሆን በክንድዎ ይለኩት። ከታጠቡ በኋላ በጣቶችዎ መካከል ሳይቀር ያድርቁ። ቫዝሊን ተረከዝዎንና ውስጥ እግርዎን ይቀቡ፣ በጣቶች መካከል ግን ይተዉት፤ እዚያ እርጥበት ከተቀመጠ ቆዳው ይላጣል። ጥፍርዎን ታጥበው ሲለሰልስ፣ በጥፍር መቁረጫ፣ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። ጥጉን አይቆፍሩ። ጎንበስ ብሎ ውስጥ እግርን ማየት ካስቸገረዎት መስታወት መሬት ላይ አድርገው እግርዎን ከላዩ ያንሱ። ካልሲዎ ነጭ ይሁን፤ ደም ከነካው ወዲያው ይታያል።

እግርዎ የተሰመረው ጠዋት ነው ወይስ አመሻሽ ላይ? ቀን ሙሉ የዋለ እግር ያብጣል፤ ጫማ የሚለካው አመሻሽ ላይ ነው። የግራውስ ለምን ቀረ? የማንም ሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም። በሚቀጥለው አብረው ይላኩልኝ።

ለጋዲሴ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሚካኤል ይጠብቅዎት።

ልጅዎ በርናባስ


የካ አባዶ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለበርናባስ፤

ከብርሃነ ልደቱ እስከ ብርሃነ ጥምቀቱ ያደረሰን አምላክ ለከርሞው ያድርሰን። ሀሴት ጫማውን በሰላም አድርሳለች። የላከ እጅህ አይንጠፍ። ልክክ ብሎኛል! ጋዲሴም አይታ «እንዴት ያምራል» ብላለች።

ምክርህን አነበብሁት። ሰው ከአገር ሲወጣ ስለ ትልቅ ነገር ይጽፋል፤ አንተ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ጥፍር ጻፍህልኝ። እኔ ጥፍሬን እናቴ እንዳሳየችኝ በምላጭ ነው የምቆርጠው፤ ስልሳ ዓመት ያለፈኝ በዚያው ነው። ባለፈው ክረምት የግራውን አውራ ጣት ነካ አድርጎኝ ነበር። በሙቅ ውሃና በጨው ዘፈዘፍሁት። ምንም አያመኝም። ድኗል ማለት ነው።

ጥምቀትን ዘንድሮ ከቤት ነው ያሳለፍሁት። ሕዝቡ በዝቷል፣ ታክሲውም አይገኝም ብዬ ነው። ሚካኤል ሲመለስ እልልታውን በጋዲሴ ስልክ ሰማሁት።

ደግሞ እንዳላስቸግርህ፣ አንድ ጫማ ትጨምርልኛለህ? የወንድ፣ ክፍት፣ በማሰሪያ የሚጠብቅና የሚላላ፣ ቁጥሩ አርባ ሦስት። ለኔ አይደለም። የጋዲሴ ባል ኢቲቻ ደህና ሰው ነው፤ ውለታ አለብኝ። እግሩ ወፍራም ነው። ከሁለቱ ደግሞ ግራው ሰፋ ቢል ይሻለዋል። ቶሎ ሰው ብታገኝ ደስ ይለኛል።

ሰላሙን ያብዛልህ።

አክስትህ በለጡ


ሃኖፈር
የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ በለጡ፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላኩትም፤ ፎቶ አንስቼ በጋዲሴ ስልክ ልኬዋለሁ። የፖስታ ቤት ሰው ሆነው እንደሚያዝኑብኝ አውቃለሁ። ግን ይዘገያል።

እትዬ፣ ያ የላኩልኝ እግር የእርስዎ አይደለም።

እናቴ ሞታ አባባ ወደ እርስዎ ቤት ሲያመጣኝ አምስት ዓመቴ ነበር። አልጋው አንድ ነበር። እርስዎ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ። ሰባት ዓመት ከእግርዎ ጋር ተኝቻለሁ። ከአውራ ጣትዎ ቀጥላ ያለችው ጣት አውራ ጣቱን ትበልጠዋለች፤ «ይህቺ ባል አላስቀመጠችኝም» እያሉ ይስቁባት ነበር። ትንሿ ጣትዎ ደግሞ ወደ ውስጥ ታጥፋ ነው የምትተኛው። ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቱ ይበልጣል፣ ትንሿም ቀጥ ብላ ቆማለች። ይህ ገና ያልደከመ፣ ጣቶቹ ዘና ብለው የተበተኑ የወጣት ሴት እግር ነው። የጋዲሴ ይመስለኛል። እንግዲያስ የገዛሁት ጫማ ለማን ነው ልክክ ያለው?

የኢቲቻ ግራ እግር ለምን ከቀኙ እንደሚሰፋም አሰብኩበት። አባባ በሞተ በሰባተኛው ቀን እንኳ ከታቦት ያልቀሩ ሰው ዘንድሮ ታክሲ ጠፋ ብለው ቤት መቀመጥዎን አሰብኩበት። ምላጩን አሰብኩበት። «ምንም አያመኝም» ያሉትን ሳነብ ደግሞ ቁጭ ማለት አቃተኝ። የአባባን ነገር ላለማንሳት አፌን ይዤ ነበር፤ የእሱም ከአውራ ጣት ነው የጀመረው፣ እሱንም አላመመውም።

እለምንዎታለሁ፤ ጋዲሴ የግራ እግርዎን ዛሬ ፎቶ ታንሳና ትላክልኝ። ነገ ደግሞ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ልጅዎ በርናባስ


የካ አባዶ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለበርናባስ፤

እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጋዲሴ ስልኳን ሰጥታኝ መነጽሬን አድርጌ ራሴ ነው ያነበብሁት። ይህንንም ራሴ ጽፌ እሷ ፎቶ ታንሳው።

እግርሽን አሳዪኝ ትላለህ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ እግሬን ለፎቶ ልዘርጋ? ነውር የሚባል ነገር እዚያ አገር የለም እንዴ?

አዎ፣ የጋዲሴ እግር ነው። የኔን ላሰምር ወረቀቱ ላይ ቆሜ ነበር። ግራውን ሳየው አስጠላኝ። ጋዲሴን «እስቲ አንቺ ቁሚበት» አልኋት፤ ለምን ብላም አልጠየቀችኝ። ጫማው የእሷ ሆኗል። ተመርቀህበታል፤ አትቆጭ። የአርባ ሦስቱም ለኔው ነበር፣ ፋሻው እንዲገባልኝ። አሁን ሁሉንም አወቅህ።

አንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለሰንበቴው ሴቶች የልብ ሐኪም ነው ብዬ ነው የነገርኋቸው። አንተም ሲሉህ ሰምተህ አይደለሁም አላልህም። የልብ ሐኪም ስለ ትንሿ ጣቴ ምን አገባው?

ሐኪም ቤት አልሄድም። ወንድሜን አካሉን በእግሩ አስገብቼ በአልጋ ነው ያወጣሁት። መጀመሪያ ጣቱን አሉኝ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዚያ ጉልበቱን። ሦስት ጊዜ የፈረምሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ያኔ ፈተና ላይ ነበርህ። አራተኛውን አልፈርምም። ቅዳሜ ከሴቶቹ ጋር እንጦጦ ወጥቼ ጠበል ልጠመቅ ተስማምተናል። ቅጥሩ ውስጥ በባዶ እግር ነው፣ አውቃለሁ። እሱ ያውቅልኛል።

ደህና ሁን።

በለጡ


ሃኖፈር
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ፣ ለእትዬ በለጡ፤

ቁጣዎን እንደ ምርቃት ተቀብያለሁ። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

የልብ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪምም አይደለሁም። የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች እግር እንከባከባለሁ። ጥፍራቸውን እቆርጣለሁ፣ የደረቀ ተረከዛቸውን እፍቃለሁ፣ ቁስል ካየሁ ወደ ሐኪም እልካቸዋለሁ። ከአንድ መድኃኒት ቤት ጎን ትንሽ ክፍል አለችኝ። እነሱ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ ዝቅ ባለች ዱካ ላይ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ እውላለሁ። አሥር ዓመት ሆነኝ።

የመጣሁበትን ዩኒቨርሲቲ የተውኩት አባባ በሞተ በዓመቱ ነው። መጀመሪያ «ሆስፒታል አካባቢ ነው የምሠራው» አልኩዎት። እርስዎ ዶክተር አደረጉኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። አንድ ጊዜ ዝም ያለ ሰው ሁለተኛ አፉን መክፈት ይከብደዋል። ያልመጣሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፣ እትዬ። የካ ሚካኤል ደጃፍ ላይ እነዚያ ሴቶች «ዶክተር» ብለው ሲስሙኝ የምገባበት ስለጠፋኝ ነው። ያስተማረችኝ አክስቴ ልጇ የሰው እግር ሥር ተቀምጦ እንደሚውል ብትሰማ ምን ትሆናለች እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ።

ሥራውን ግን አልጠላውም። ባቡር ሲነዱ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። መጀመሪያ የመጡ ቀን ካልሲያቸውን ለማውለቅ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ጥፍራቸው ተጠማዝዞ ሥጋቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። እግራቸውን በሁለት እጄ ስይዝ አለቀሱ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ እግራቸውን የነካ ሰው አልነበረም። እርስዎ ዛሬ በፋሻ የሸፈኑትን አሥር ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሳይ ኖሬአለሁ። አያስጠላኝም። የእርስዎማ እንዴት ያስጠላኛል?

አባባን የገደለው ሐኪም ቤት መግባቱ አይደለም። አራት ወር በካልሲ ሸፍኖ መቆየቱ ነው። ያኔ አላወቅኩም፤ ይህን ሥራ የተማርኩትም ለዚህ ነው። እርስዎ የፈረሙት እሱን ለማዳን ነው፤ የዘገየው ግን ከፊርማዎ በፊት ነበር። ስኳር ሲቆይ የእግርን ስሜት ይወስዳል። አለማመሙ መዳን አይደለም፤ እንዲያውም መጥፎው ምልክት እሱ ነው። ሙቁ ውሃም ሳይሰማዎት አቃጥሎዎት ይሆናል።

ጠበሉን አልከለክልዎትም። ሐኪም ካየው በኋላ ይጠመቁ፤ አባቶችም ቢጠይቋቸው ይህንኑ የሚሉዎት ይመስለኛል። ግን በተከፈተ ቁስል በዚያ ኮረት ላይ በባዶ እግር አይሂዱ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይሉ የነበሩት እርስዎ ነዎት።

የማደርገውን ለሰንበቴው ሁሉ ይንገሩ፣ ግድ የለኝም። እኔ ያፈርኩበትን ገልጬ አሳይቻለሁ። እርስዎም እግርዎን ይግለጡ። ለኔ ካላሳዩ ለጋዲሴ ያሳዩ።

በርናባስ


የካ አባዶ
መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለበርናባስ አካሉ፤

ጾሙን በሰላም አስጀምሮ እዚህ ያደረሰን አምላክ ለትንሣኤው ያብቃን። ሆስፒታል መግባቴንና መውጣቴን ጋዲሴ እንደነገረችህ አውቃለሁ፤ የቀረውን በራሴ እጅ ልጻፍልህ ብዬ ነው የቆየሁት። ይህንንም እሷ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ፖስታ ቤቱ ይቅር ይበለኝ።

ደብዳቤህን ሳነብ እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ አፈርሁ። በሐሳቤ ያቺ ሎሚ የምትባለዋ ሴት ታየችኝ፤ የመሐንዲስ እናት ነኝ እያለች በየሰንበቴው የምትመጻደቅብኝ። ምን እላታለሁ አልሁ። ቀጥዬ ተናደድሁ። ሥራህ አይደለም ያናደደኝ። ሰባት ዓመት እግሬ ሥር ያስተኛሁት ልጅ የሰው እግር ያዘ ብዬ የማባርረው መስሎህ አሥራ አንድ ዓመት እንዳላይህ ማድረግህ ነው። ይህን ይቅር ለማለት ጊዜ ይፈጅብኛል። ሰውዬው አለቀሱ ያልኸው ቦታ ስደርስ ግን መነጽሬን አወለቅሁ።

ጋዲሴን ጠርቼ «ፍቺው» አልኋት። ስትፈታው ሽታው ቤቱን ሞላው። አፍንጫዋን ትይዛለች ብዬ ፊቷን አየኋት፤ አልያዘችም። «እማማ፣ ይሄን ይዘው ነው ሰባ ሁለት ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የከረሙት?» ብላ ተቆጣችኝ። ኢቲቻ መጥቶ አዝሎ አወረደኝ። መሃል ላይ «እማማ፣ የኔ እግር ወፍራም ነው ብለው ጻፉ አሉ» ሲለኝ በጀርባው ላይ እንዳለሁ ሳቄ አመለጠኝ።

ያየችኝ ሐኪም ነፃነት ትባላለች፤ የልጅ ልጄ ብትሆን ያምርባታል። ራጅ አንስታ አጥንቱ ተበልቷል አለችኝ። አውራ ጣቱ መውጣት አለበት፣ የቀረው ይተርፋል አለች። «ቀጥሎስ ቁርጭምጭሚቱን፣ ቀጥሎስ ጉልበቱን ትሉኛላችሁ» አልኋት። አልተቆጣችም። አልጋዬ ላይ ተቀመጠችና «ሁለት ሳምንት ቢዘገዩ ኖሮ እንደዚያ እል ነበር። ዛሬ ግን የምልዎት ስለ ጣትዎ ብቻ ነው» አለችኝ። ቅዳሜ እንጦጦ ልወጣ እንደነበር ስነግራት የመፈረሚያውን ወረቀት አቀረበችልኝ። ፈረምሁ። አካሉን እያሰብሁ ነው የፈረምሁት። በጊዜው አምጥቼው ቢሆን አልሁና አለቀስሁ፤ እሷም አባበለችኝ።

ጣቴን ግን ቆሻሻ ውስጥ አይጥሏትም ብዬ አስቸገርሁ። ስልሳ ስምንት ዓመት ተሸክማኛለች፤ መቀበር አለባት አልሁ። ሌላ ወረቀት አስፈርመው ሰጡን። እኔ ከአልጋ መነሳት ስለማልችል ጋዲሴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ የካ ሚካኤል ይዛት ሄደች። እሷ በእምነት ከኛ አይደለችም፤ ቅጥሩ ውስጥ ስትገባም የመጀመሪያዋ ነው። መቃብር የሚቆፍረው ሰው «ሟች ማን ይባላሉ?» አላት። «አልሞቱም፤ ሾርባ እየጠጡ ነው» አለችው! ሰውዬው ሲገባው ከአካሉ መቃብር ጎን ትንሽ ጉድጓድ ማሰላት። ጣቴ ቀድማ ሄዳ ቦታ ይዛልኛለች ማለት ነው። ቀሪው አካሌ ግን አይቸኩልም።

አሁን በምርኩዝ እሄዳለሁ። ኢቲቻ ከታች ካለ ሰው ጋር ተነጋግሮ ቤት አቀያይሮኛል፤ አንደኛ ፎቅ ከጋዲሴ በር ፊት ለፊት ነኝ። ምላጩን ጥያለሁ። መስታወቱንም መሬት ላይ አድርጌ በየቀኑ ውስጥ እግሬን አያለሁ። ስልሳ ስምንት ዓመት ተሸክሞኝ አንድ ቀን አላየሁትም ነበር። በጨርቅ ሸፍነን፣ ጫማ አልብሰን፣ ማን ያየዋል እያልን ነው የምናረጀው።

ባለፈው እሁድ ለሰንበቴ ሄድሁ። ጠበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ነገርኋቸው። «በርናባስ የልብ ሐኪም አይደለም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። የሽማግሌ እግር ይንከባከባል፤ ጥፍር ይቆርጣል። እኔም ዛሬ በእግሬ የመጣሁት በእሱ ነው» አልኋቸው። ከሁሉ በፊት የተነሳችው ያቺ ሎሚ ናት። አሁን ልትስቅብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ካልሲዋን አወለቀች። አቤት ጥፍር! «ይህንን ልጄ እንኳ አያውቅም። እስቲ ምን ላድርገው ብለሽ ጻፊለት» አለችኝ። ከዚያ ጎኗ ያለችውም አወለቀች። ስድስት አሮጊት እግራችንን ዘርግተን ተቀምጠን መምሬ በዚያ በኩል ሲያልፉ አዩን። ፈገግ ብለው አለፉ።

ፋሻዬን የምትቀይርልኝ ነርስ ትናንት የቀሩትን ጥፍሮቼን አየቻቸው። ዘጠኝ ናቸው፣ አድገዋልም። «እማማ፣ ልቁረጥልዎት?» አለችኝ።

«ተይው ልጄ፣ ባለሙያ አለኝ» አልኋት። «ለፋሲካ ይመጣል።»

አሥራ አንድ ዓመት ስለ አንተ ስዋሽ ኖሬአለሁ። ይህቺን እንኳ እውነት አድርግልኝ።

አክስትህ በለጡ